እግዚአብሔር በመከራ ቀን መቋሚያ ስለ መሆኑ

መከራ ደጅ ሳያንኳኳ የሚገባ እንግዳ ነው። ሀብታሙን ከድኻው፥ የተማረውን ካልተማረው፥ ጻድቁን ከኃጢአተኛው ሳይለይ በየቤቱ ይገባል። ስለዚህ ልጆች ሆይ፥ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው መከራ ይመጣል ወይስ አይመጣም የሚለውን አይደለም፤ መምጣቱን ሁሉም ያውቀዋልና። የምንመረምረው፥ በእግዚአብሔር የሚታመን ሰው መከራ በመጣበት ጊዜ ከአምላኩ ዘንድ ምን ሊጠብቅ ይገባዋል የሚለውን ነው። በዚህ ነገር ብዙ ሰው ይሳሳታል። ስሕተቱም ቀላል ስሕተት አይደለም፤ በሽተኛውን ከመድኃኒቱ፥ ኀዘንተኛውን ከአጽናኙ፥ አማኙንም ከእምነቱ ሲለይ በየጊዜው ይታያል።

በቤተ ክርስቲያን ያደገ ሰው መቋሚያን ያውቃል። መቋሚያ ራሱ በአግድም እንጨት ወይም በብረት የተሠራ ረጅም ዘንግ ነው። ማሕሌት በሚቆምበት ሌሊት ካህናቱና ደብተሮቹ መቀመጫ ሳይሹ ብዙ ሰዓት ይቆማሉ፤ ጉልበት ሲዝል፥ ወገብ ሲደክም፥ በዚያ ዘንግ ተደግፈው ያድራሉ። መቋሚያ ሌሊቱን አያሳጥረውም፤ ብርዱንም አያስቀረውም፤ በሰውዬው ፈንታም አይቆምለትም። ሥራው አንድ ነው፤ የደከመው ሰው እንዳይወድቅ ይደግፈዋል። ዝማሜው ሲደርስ ደግሞ ያው የደከመ ሰው የተደገፈበት ዘንግ ከፍ ዝቅ እያለ የምስጋና ዕቃ ይሆናል።

እኔ እንደሚመስለኝ እግዚአብሔር በመከራ ቀን ለሰው የሚሰጠው ድጋፍ ይህን ይመስላል። አንዳንድ ጊዜ በቸርነቱ ሌሊቱን ያሳጥረዋል፤ ይህን ማድረግ ይችላልና እንዲያደርገው መለመን ይገባናል። ነገር ግን ለታመኑት ሁሉ፥ ሁልጊዜም የማይነፍገው፥ ሌሊቱ እስኪነጋ እንዳይወድቁ መደገፍን ነው። አባቶቻችን ይህን ነገር በሚገባ የተረዱት መሆናቸው በአነጋገራቸው ይታወቃል። ልቅሶ ቤት የገባ ሰው ለኀዘንተኞቹ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ይላል። ሙታችሁን ይመልስላችሁ አይልም፤ ኀዘናችሁን ዛሬውኑ ያጥፋላችሁም አይልም። የሚለምንላቸው ጽናትን ነው። በዚህ አንድ ቃል ውስጥ ከብዙ ስብከት የበለጠ ዕውቀት አለ።

አሁን ይህን ነገር በአንድ ስፍራ ታሪክ እንመልከተው። በአዲስ አበባ ምዕራብ፥ በኮልፌ ቀራንዮ በኩል፥ ጦር ኃይሎች የሚባል ሰፈር አለ። በ2008 ዓ.ም ሥራ የጀመረው፥ ከአያት ተነሥቶ ከተማውን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚያቋርጠው የከተማ ባቡር መንገድ መጨረሻው በዚያ ነው። ሰፈሩ በሆስፒታሉ ይታወቃል። በሀገር ጦርነት በተነሣ ጊዜ ሁሉ የቆሰሉ ወታደሮች ወደ እንደዚህ ያለ ስፍራ ይመጣሉ፤ ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም በሰሜኑ ሀገራችን በሆነው ጦርነት ብዙ ወጣት በየወገኑ እንደ ቆሰለ፥ ብዙ እናትም ልጇን እንዳጣች ሁላችን እናውቃለን። ስለዚህ እግዚአብሔር በመከራ ጊዜ ወዴት ነው የሚለው ጥያቄ በሀገራችን የመጽሐፍ ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ በየቤቱ የሚጠየቅ ነው።

የዚህ ሆስፒታል መነሻ ራሱ ኀዘን ነው። ጠላት በ1928 ዓ.ም አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ ሰባቸው ጋር ወደ እንግሊዝ ሀገር ተሰደዱ። ልጃቸው ልዕልት ፀሐይ በስደት ሳሉ በለንደን የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው ሕሙማንን የማስታመም ትምህርት ተማሩ፤ የንጉሥ ልጅ ነኝ ብለው ከታማሚ አልጋ አልራቁም። ሀገር ነፃ በወጣ ጊዜ ተመለሱ፤ አግብተውም ወደ ነቀምቴ ሄዱ። በዚያም በ1934 ዓ.ም፥ ገና በወጣትነታቸው፥ በእርግዝና ምክንያት በመጣ ሕመም ዐረፉ። ሌላውን ለማስታመም ተምረው የተመለሱት ልጅ በተመለሱ በሁለተኛው ዓመት ተቀበሩ። ለመታሰቢያቸውም በስማቸው የሚጠራ ሆስፒታል በአዲስ አበባ ተሠራ፤ ሲልቪያ ፓንክኸርስት የተባሉት እንግሊዛዊት የኢትዮጵያ ወዳጅም ለሥራው ገንዘብ በማሰባሰብ ብዙ ደከሙ። ከ1966 ዓ.ም አብዮት በኋላ ሆስፒታሉ ስሙ ተለውጦ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተባለ።

በ1951 ዓ.ም ሬጂናልድ ሐምሊንና ካትሪን ሐምሊን የተባሉ ባልና ሚስት፥ ሁለቱም የማኅፀን ሐኪሞች፥ ከአውስትራሊያ ተነሥተው አዋላጆችን ለማስተማር ወደዚህ ወደ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል መጡ። ሁለቱም በክርስቶስ የሚያምኑ ነበሩ። ውላቸው የሦስት ዓመት ነበር። ነገር ግን በመጡበት ሀገራቸው የማያውቁትን አንድ ሕመም በዚህ አገኙ። አንዲት ሴት ምጥ ጸንቶባት ሁለትና ሦስት ቀን ረዳት ስታጣ፥ የሕፃኑ ራስ ሥጋዋን በአጥንቷ ላይ ተጭኖ ይጎዳዋል፤ የተጎዳው ሥጋ ሲሞት ቀዳዳ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ሽንቷን መያዝ ይሳናታል። ይህ ሕመም ፊስቱላ ይባላል። ሕፃኑ አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ይወለዳል። እናቲቱም በሽታው በሚያመጣው ሽታ ምክንያት ከሰው ትርቃለች፤ ብዙ ጊዜ ባሏ ይተዋታል፤ ለብቻዋም በአንዲት ጎጆ ትቀመጣለች።

በ1950ዎቹ ዓመታት ወደዚህ ሆስፒታል ከመጡት ከእነዚህ ሴቶች አንዲቱ ማሚቱ ጋሼ የምትባል፥ ዕድሜዋ ገና ወደ 16 ዓመት የሚጠጋ የገጠር ልጅ ነበረች። በመጀመሪያ ወሊዷ ሕፃኗን አጥታለች፤ አካሏም ተጎድቷል፤ ፊደል አልቆጠረችም። ከሕክምናዋ በኋላ ወደ መንደሯ አልተመለሰችም፤ በዚያው ቀርታ አልጋ በማንጠፍ፥ ሕሙማንን በማጠብ፥ ቆይቶም ለሐኪሞቹ ዕቃ በማቀበል ታገለግል ጀመር። የሚሠሩትን በዓይኗ እያየች ሥራውን ተማረች፤ በመጨረሻም በራሷ እጅ እንደ እርሷ የተጎዱትን ሴቶች የምታክም ባለሙያ ሆነች። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1989 ለንደን የሚገኘው የቀዶ ጥገና ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ከሐምሊን ባልና ሚስት ጋር የወርቅ ሜዳልያ ሰጣቸው። ትምህርት ቤት ያልገቡት እኒህ ሴት ከሌላ ሀገር የመጡ ሐኪሞችን ሳይቀር ሥራውን አሳይተዋል።

ሐምሊኖቹም ሦስት ዓመታቸውን ጨርሰው አልተመለሱም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1974 ለዚህ ሕመም ብቻ የሚሆን ሆስፒታል በአዲስ አበባ መሠረቱ። ሬጂናልድ በ1985 ዓ.ም ሲያርፉ ካትሪን ባላቸውን ቀብረው በሥራቸው ጸኑ፤ በ96 ዓመታቸው በመጋቢት 2012 ዓ.ም በዚሁ በአዲስ አበባ ዐረፉ። በእነዚህ ዘመናት በሥራቸው የታከሙት ሴቶች ከ60 ሺህ በላይ ናቸው።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? አስቀድሜ አንድ ነገር ልለይ። ልዕልቲቱ የሞቱት ሆስፒታል እንዲሠራ ነው፥ የማሚቱ ሕፃን የሞተውም እናቱ ባለሙያ እንድትሆን ነው የሚል ሰው ቢኖር፥ አነጋገሩን አልቀበለውም። እንዲህ ያለ ቃል የእናትን ዕንባ ያቃልላል፤ እግዚአብሔርንም ልጅ እየነጠቀ ሆስፒታል የሚሠራ ያስመስለዋል። ሞት ሞት ነው፤ ክርስቶስም በአልዓዛር መቃብር አጠገብ ቆሞ አልቅሷል እንጂ ሞቱ መልካም ነው ብሎ አልተናገረም። እኔ የምለው ይህን ብቻ ነው፤ ሌሊቱ ሌሊት ሆኖ ሳለ፥ በዚያ ሌሊት ውስጥ ሰዎች እንዳይወድቁ የያዛቸው አንድ ድጋፍ ነበረ፤ የተደገፉትም ሰዎች ተመልሰው ለሌላው መደገፊያ ሆኑ። ያች የገጠር ልጅ ሕፃኗ አልተመለሰላትም። ግን አልወደቀችም።

ከዚህ ተነሥተን ስለ መታመን በሀገራችን የሚነገሩትን ሦስት የተሳሳቱ አሳቦች እንመልከት።

ፊተኛው፥ በእግዚአብሔር የታመነ ሰው ክፉ አያገኘውም የሚለው ነው። ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ አቡነ ጴጥሮስ የታመኑ አልነበሩም ልንል ነው። እርሳቸው በጠላት እጅ በወደቁ ጊዜ፥ አርበኞችን ሽፍታ ብለው እንዲያወግዙና ለኢጣልያ መንግሥት እንዲገዙ ተጠየቁ፤ እሺ ብለው ቢሆን በሕይወት በኖሩ ነበር። እምቢ ስላሉ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም በአዲስ አበባ በሕዝብ ፊት በጥይት ተገደሉ። ሞታቸው በዚያ ቀን የጠላት ድል ይመስል ነበር። ዛሬ ግን በከተማው መካከል የቆመው የእርሳቸው ሐውልት ነው። እግዚአብሔር ከጥይት አላዳናቸውም፤ ከመካድ ግን አዳናቸው። ከሁለቱ የትኛው ታላቅ ማዳን እንደ ሆነ እያንዳንዳችሁ አስቡበት።

መከራ የሚመጣው በጥይት ብቻ አይደለም፤ በመዘግየትም ይመጣል። በኢሉባቦር፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1856 ገደማ የተወለደ ሒካ የሚባል ሕፃን ገና በልጅነቱ ከቤተ ሰቡ ተነጥቆ ለባርነት ተሸጠ። ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ምጽዋ ደረሰ። በዚያ ነፃ ወጣ፤ በእምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤትም ገባ፤ በተጠመቀም ጊዜ ኦኔሲሞስ ተባለ። ኦኔሲሞስ ነሲብ አድገው ተምረው ወደ ወገኖቻቸው ተመልሰው ለማስተማር ቢነሡ፥ አንድ ጊዜ በሱዳን በኩል፥ አንድ ጊዜ በሸዋ በኩል ሞክረው መንገዱ ተዘጋባቸው። መንገዱ በተዘጋ ጊዜ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ እንደ እርሳቸው ከባርነት ከወጣችው ከአስቴር ጋኖና ከሌሎችም ረዳቶች ጋር መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጐም ያዙ። ሙሉው መጽሐፍ በ1899 በአውሮፓ አቆጣጠር ታተመ፤ እርሳቸው ነቀምቴ የገቡት ግን በ1904 ነው። መጽሐፉ ከጸሐፊው ቀድሞ ተዘጋጅቶ ቆየ። የተዘጋው መንገድ ባይዘጋ ኖሮ ያ ሁሉ የትርጉም ሥራ የሚሠራበት ጊዜ ባልተገኘ ይሆን ነበር ብሎ ማሰብ ይቻላል። «ቀን እስኪያልፍ ያለፋል» የሚለው ተረት እውነት ነው፤ የሚታመን ሰው ግን ቀኑ እስኪያልፍ ሲለፋ ልፋቱን ወደ ሥራ ይለውጠዋል።

ሁለተኛው የተሳሳተ አሳብ ከፊተኛው ይወለዳል፤ የታመነ ሰው ክፉ አያገኘውም ካሉ በኋላ፥ ክፉ ያገኘው ሰው እንግዲያስ አልታመነም ወይም በድሏል ማለት ይከተላል። ፊስቱላ የያዛቸውን እነዚያን ሴቶች ከበሽታው ይልቅ ያቈሰላቸው፥ የእግዚአብሔር ቍጣ ነው የሚለው የሰው አፍ ነው። ዛሬም ሕመምተኛ ሊጠይቁ ሄደው፥ ጸሎትህ ቢጠነክር ኖሮ በዳንህ ነበር፥ እምነትሽ ጎድሏል የሚሉ አሉ። እነዚህ ሰዎች የኢዮብን ወዳጆች ይመስላሉ። የኢዮብ ወዳጆች መጀመሪያ በመጡ ጊዜ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር በምድር ተቀምጠው ዝም አሉ፤ ከሠሩት ሁሉ መልካሙ ይህ ነበር። በኋላ አፋቸውን ከፍተው የመከራውን ምክንያት ሊያስረዱት በጀመሩ ጊዜ ግን በቍስሉ ላይ ቍስል ጨመሩበት። በመጨረሻም እግዚአብሔር የተቈጣው በሚጮኸው በኢዮብ ላይ ሳይሆን በአስረጂዎቹ ላይ ነው። ልብ በሉ፤ ኢዮብ አለቀሰ፥ ተከራከረ፥ የተወለደባትን ቀን ረገመ፤ ነገር ግን ጀርባውን ለአምላኩ አልሰጠም። ዕንባ የእምነት ጠላት አይደለም። ዳዊት የደገመ ሰው፥ መዝሙሩ ግማሹ የሚጮህ ሰው ድምፅ እንደ ሆነ ያውቃል።

ሦስተኛው የተሳሳተ አሳብ፥ በእግዚአብሔር መታመን ማለት ሐኪምንና ሥራን መተው ነው የሚለው ነው። በዚህ አሳብ ምክንያት የሚሞት ሰው አለና ነገሩን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ወር ያህል ሳይቋረጥ የሚወሰድ ነው፤ በመካከል የተወው እንደ ሆነ በሽታው መድኃኒቱን ይለምደዋል፤ ከዚያ በኋላ ማዳኑ እጅግ ይከብዳል፤ የለመደው በሽታም ወደ ቤተ ሰቡ ይተላለፋል። የኤች አይ ቪ መድኃኒትም እንዲሁ በየቀኑ፥ ዕድሜ ልክ የሚወሰድ ነው። እምነቴ ያድነኛል ብሎ መድኃኒቱን የሚጥል ሰው እምነቱን ያሳየ ይመስለዋል፤ እውነቱን ብንመረምር ግን እግዚአብሔርን በዚህ መንገድ ብቻ አድነኝ ብሎ ያዘዘው ሆኖ እናገኘዋለን። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም ሕሙማን ጸበሉን ከመድኃኒቱ ጋር አብረው እንዲወስዱ፥ አንዱን በሌላው እንዳይተኩ በይፋ መክረዋል። ምክሩም ከመጽሐፍ ጋር የሚስማማ ነው። ንጉሥ ሕዝቅያስ በታመመ ጊዜ፥ እንደሚድን ከእግዚአብሔር ዘንድ ቃል መጥቶለት ሳለ፥ ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ አምጥተው በቍስሉ ላይ እንዲያደርጉለት አዘዘ። ተስፋውና መድኃኒቱ በአንድ ቀን፥ ከአንድ አፍ ወጡ። ጳውሎስም በመርከብ ሳለ ማዕበል በተነሣ ጊዜ፥ ከተሳፋሪዎቹ አንድ ነፍስ እንኳ እንደማይጠፋ ከመልአክ ሰምቶ ነበር፤ ይሁን እንጂ መርከበኞቹ በታንኳ ሊያመልጡ ሲሞክሩ አይቶ፥ እነዚህ ከሄዱ ሌላው ሊድን እንደማይችል ለመቶ አለቃው ነገረ። እግዚአብሔር ያድነናል ብሎ የታመነው ሰው መርከብ የሚነዳውን ሰው አልናቀም።

እዚህ ላይ አስተዋይ ተማሪ ሊጠይቀኝ ይችላል። «መምህር ሆይ፥ ሆስፒታሉን የሠራው ሰው ነው፤ ቍስሉን የጠገነው የሐኪም እጅ ነው፤ ታዲያ የእግዚአብሔርን ስም ለምን ያነሣሉ? ሰዎቹን ማመስገን አይበቃም?» ሊል ይችላል። ጥያቄው መልካም ነው። በመጀመሪያ ሰዎቹን ማመስገን ግዴታ ነው፤ ሰው ረድቶት ሳለ እግዚአብሔር ረዳኝ ብሎ ረጂውን የሚረሳ ሰው ምስጋናው ጎደሎ ነው። ሁለተኛ ግን፥ እነዚያ እጆች ከወዴት መጡ ብለን መጠየቅ ይገባናል። ሦስት ዓመት ብለው መጥተው ዕድሜያቸውን ሙሉ እንዲቀሩ ሐምሊኖችን የያዛቸው ምንድር ነው? ክርስቲያን ይህን ሲያይ፥ በረኃብ ዘመን ኤልያስን እንድትመግብ ወደ ሰራፕታዋ መበለት የላከው እርሱ ነው ይላል። ያች መበለት የነበራት እፍኝ ዱቄትና ጥቂት ዘይት ነበር፤ ራሷም የተራበች ነበረች። እግዚአብሔር የተራበውን በተራበች ሴት እጅ መገበ። ሦስተኛም፥ እጅ የማይደርስበት ጊዜ አለ። አቡነ ጴጥሮስ በተኳሾቹ ፊት ሲቆሙ አጠገባቸው ሐኪም፥ ዘመድ፥ እድርም አልነበረም። በዚያ ሰዓት ሰውን የሚያቆመው በውስጥ ያለው ድጋፍ ብቻ ነው።

ከዚህም የሚከብድ ሌላ ጥያቄ አለ። ለምኖ ያልተሰጠው ሰውስ? ጸልያ፥ ጾማ፥ መድኃኒቷንም በሚገባ ወስዳ ልጇ የሞተባት እናትስ? ለዚህ ጥያቄ ምክንያቱ እንዲህ ነው ብሎ ቸኵሎ የሚመልስ ሰው የኢዮብን ወዳጆች ይመስላል። ኢዮብ እስከ መጨረሻው የመከራውን ምክንያት አልተነገረውም፤ የተሰጠው የአምላኩ መገለጥ ነው። ጳውሎስ በሥጋው ያለው መውጊያ እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለመነ፤ መውጊያው አልተወገደም፤ የሚሸከምበት ጸጋ ግን ተሰጠው። ጌታችንም በጌቴሴማኒ ጽዋው እንዲያልፍ ለምኖ ጽዋው አላለፈም። የሚያበረታው መልአክ ግን ታየው። እንግዲህ ከልጁ ያላሳለፈውን ሌሊት ከእኛ ባያሳልፍ፥ ተጥለናል ብለን ልንደመድም አይገባንም። ያች እናት በቀብሩ ማግስት ተነሥታ ለቀሩት ልጆቿ እሳት ብታነድ፥ እርሱ ራሱ የተደገፈ ሰው ሥራ ነው። ብታለቅስና መነሣት ቢያቅታት ደግሞ፥ ጎረቤት ገብቶ እሳቱን ያንድድላት።

ነገሩ በአሳብ ብቻ እንዳይቀር ጥቂት ምክር ልጨምር።

መቋሚያ የሚያዘው ከመድከም በፊት ነው። ማሕሌት የሚቆም ሰው ሌሊቱ ሲጋመስ ዘንግ ፍለጋ ወደ ዱር አይሮጥም፤ ይዞት ይገባል። እናንተም በጤናችሁና በሰላማችሁ ቀን ጸሎትን ልመዱ፤ ከመጽሐፍም ጥቂት ጥቂት በቃላችሁ ያዙ። የቆሎ ተማሪ ዳዊቱን በልጅነቱ የሚያጠናው መጽሐፍ የማይገኝበት፥ መብራትም የማይበራበት ቀን እንደሚመጣ በማሰብ ጭምር ነው። በወህኒ ቤት፥ በሕመም አልጋ፥ በስደት መንገድ ያለ ሰው የሚደገፈው አስቀድሞ በልቡ ባስቀመጠው ነው።

በታመማችሁ ጊዜ ጸልዩ፤ ጸልያችሁም ወደ ሐኪም ሂዱ፤ ሐኪሙ ያዘዘውን እስከ ፍጻሜው ፈጽሙ። ድኽነት ባገኛችሁ ጊዜ ለምኑ፤ ለምናችሁም የሚገኘውን ሥራ ሳትንቁ ሥሩ። ማሚቱ ጋሼ ሥራ የጀመሩት አልጋ በማንጠፍ መሆኑን አትርሱ።

የታመመ ሰው ስትጠይቁ ቃላችሁ ጥቂት ይሁን። «እግዚአብሔር ይማርህ» ማለት ይበቃል። ከዚያ በኋላ ውኃውን ቅዱለት፥ ምግቡን አቀብሉት፥ መድኃኒቱ የሚገዛበት ገንዘብ ቸግሮት እንደ ሆነ ሳያፍር እንዲነግራችሁ አድርጉ። ከጦር ሜዳ እግሩን አጥቶ የተመለሰ ሰው በመንገድ ስታገኙ፥ ከንፈር መጥጦ ማለፍ ርዳታ አይደለም፤ እንደ ሰው ሰላምታ ስጡት፥ ሥራ የሚያገኝበት መንገድ በእጃችሁ ቢኖር አትንፈጉት። በክርስቶስ ምሳሌ ያ ሳምራዊ የቈሰለውን ሰው ባየ ጊዜ ስለ መከራ ምክንያት አላስተማረም፤ በቍስሉ ዘይትና ወይን አፈሰሰ፥ በአህያው ጫነው፥ ለእንግዳ ማደሪያው ጌታም ገንዘብ ከፈለ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረት ይህንኑ ያስተምረናል። የእድርና የማኅበር ልማዳችንም የተመሠረተው በዚህ አሳብ ላይ ነውና አናቃልለው።

የጸናባችሁ ሌሊት በመጣ ጊዜም፥ እኔ ብቻ ነኝ ብላችሁ አታስቡ። ከእናንተ በፊት ብዙዎች በዚህ መንገድ አልፈዋል፤ ከቤተ መንግሥትም፥ ከገጠር ጎጆም፥ ከባርነት ገበያም። የተደገፉበት ድጋፍ አልተሰበረም፤ ዛሬም አለ። እርሱን ይዛችሁ ቁሙ፤ በቆማችሁም ጊዜ አጠገባችሁ የሚንገዳገደውን ሰው ክንዱን ያዙት። እግዚአብሔር ሁላችንን ያጽናን።